ሁለት መርከብ፣ አንድ ጠረጴዛ

ልጄ ሁለቱን ብሮሹሮች ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋ እኔ ቆሜ ነበር። ሁልጊዜም ቆሜ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሆቴል ማዕድ ቤት የሠራ ሰው ከወንበር ጋር አይዋደድም፤ ወንበር የእንግዳ ነው። እኛ የምንበላው ምድጃው ጥግ ቆመን፣ ከድስቱ በጭልፋ እየቀነስን፣ አንድ ዓይናችን እሳቱ ላይ ሆኖ ነበር። ተቀምጦ የሚበላ አብሳይ ካየህ ወይ ዛሬ የተቀጠረ ነው ወይ ነገ የሚባረር ነው ይባል ነበር። እኔ ሁለቱንም አልነበርኩም።

«አባዬ፣ ምረጥ» አለችኝ። ልጄ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ነገር ስታስረዳ ለበሽተኛ እንደምታስረዳ ሁሉ ቀስ ብላ፣ ጣቷን እያጠፈች ነው። «ትዳራችሁ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። እኔና ወንድሜ ተመካክረን ሰባት ቀን በመዝናኛ መርከብ ልንልካችሁ ነው። ሁለት መርከብ አለ፤ ነጩና ሰማያዊው። ባሕሩ ያው ባሕር ነው፤ የሚቆሙባቸው ወደቦችም አንድ ናቸው፤ አልጋውም አልጋ ነው። የሚለያዩት በምግብ ብቻ ነው ይላል የሄደ ሁሉ። ምግብ ደግሞ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም።»

አልዋሽም፣ ይህን ስትል ደረቴ ነፋ አለ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ «የቱ ይሻላል?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። «ደረሰ ወይ?» ነበር የሚሉኝ። ደረሰ፤ ይሄዳል፤ ሌላ ትእዛዝ ይመጣል።

ባለቤቴ ሶፋው ላይ መነጽሯን አድርጋ ሰማያዊውን ብሮሹር ይዛለች። እሷ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የስልክ ማዞሪያ ኦፕሬተር ነበረች። ሠላሳ ዓመት የሰው ድምፅ ከሰው ድምፅ ስታገናኝ የኖረች ሴት ናትና ወረቀት እንኳ ስታነብ የምታዳምጥ ትመስላለች።

«ነጩ ዘጠኝ ምግብ ቤት አለው» አለች ልጄ። «ቡፌው ቀንም ሌሊትም አይዘጋም። በፈለጋችሁት ሰዓት፣ በፈለጋችሁት ቦታ።»

«ይኼኛው ያለው አንድ አዳራሽ ነው» አለች ባለቤቴ። «ማታ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ይቀመጣል። ጠረጴዛህ አይቀየርም፤ አስተናጋጅህም አይቀየርም።»

«እስር ቤት በይው።»

«ለሁለት ሰው ብቻ የሚሆን ጠረጴዛም አለ ይላል።»

«እስር ቤትም ለሁለት ሰው የሚሆን ክፍል አይጠፋውም።»

ልጄ ሳቀች። ባለቤቴ አልሳቀችም። መነጽሯን አወለቀችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ስማኝ፣ አንተ ሰውዬ። እራት ባቀረብኩልህ ቁጥር ‹ጠግቤ ነው የመጣሁት› ስትለኝ ነው የኖርከው። እሺ፣ ሥራው ነው አልኩ። ጡረታ ወጣህ፤ አሁንም ምድጃው ጋ ቆመህ ቀማምሰህ ትወጣለህ። ልጆቹ ሳሉ ከልጆቹ ጋር በላሁ። ልጆቹ ሄዱ፤ አሁን ከሬዲዮ ጋር ነው የምበላው። እኔ ባሕር አላማረኝም። ሰባት ቀን ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ፣ እኔ እስክጨርስ ሳትነሣ እንድትበላ ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ልጄ ወደኔ አየች። እኔ ወደ መስኮቱ አየሁ።

«እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ነው ጊዜያችን» አለች ልጄ ስትነሣ። «የጉዞ ቢሮው በሁለቱም ላይ ቦታ ይዞልናል። ከዚያ በኋላ ግን አይጠብቅም።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ብሮሹሮቹን ይዤ ከሳሎን ማዕድ ቤት፣ ከማዕድ ቤት በረንዳ ስመላለስ ዋልኩ። «ወለሉን ጨረስከው» አለችኝ ባለቤቴ። ሜኑዎቹን አነበብኳቸው። ሜኑ ማለት ለትዳር የተላከ ፎቶ ነው፤ ጠባሳው በሌለበት በኩል የተነሣ። «በዝግታ የበሰለ» ካለህ የትናንት ነው። «የዕለቱ ልዩ» ካለህ ዛሬ ካልተበላ የሚሸት ነው። «የሼፉ ምርጫ» ካለህ ሼፉ ያላየው ነው። እኔ ስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ይህን ቋንቋ ግን ከማንም ዲግሪ ካለው ሰው በላይ አነባለሁ፤ ሲጻፍም ቆሜ አይቻለሁና። ነጩም ሰማያዊውም ውሸታቸው እኩል ነበር። ስለዚህ ከወረቀት የሚገኝ ነገር የለም ብዬ ወደ ወደቡ ለመሄድ ወሰንኩ።

ሰፈራችን ውስጥ ጓንቴ የምንለው ሰው አለ። ከወደቡ የመርከብ ቆሻሻ የሚያነሣ መኪና ነው የሚነዳው። ጓንቱን አያወልቅም፤ ሚስቱን ሲያገባም ቀለበቱን በጓንቱ ላይ ነው ያጠለቁለት እያልን እንቀልድበታለን። ነጩ መርከብ ረቡዕ፣ ሰማያዊው ሐሙስ እንደሚቆም ነገረኝ። በመኪናው ጋቢና አስገባኝ፤ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ አለበሰኝ፤ በሩን አለፍን።

«ለሽርሽር የሚሄድበትን መርከብ በቆሻሻው የሚመርጥ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ኧረ እኔ ቆሻሻ ለማየት የለመነኝ ሰውም አንተ የመጀመሪያዬ ነህ።»

«ልጅቷን ለማወቅ እናቷን እይ ይባል የለ? ማዕድ ቤት ለማወቅ ደግሞ በርሜሉን ነው የምታየው። ሰው በአፉ ‹ይጣፍጣል› ይልሃል፤ ሳህኑ ግን አያፍርም።»

የነጩ በርሜሎች ሲወርዱ ክዳናቸው አልገጥም ብሎ ነበር። አንዴ ብቻ የተነከሰ ሥጋ፤ ሹካ የተሰካበት እንኳ ያልመሰለ ኬክ፤ ክምር ፓስታ፤ ዳቦ፣ ዳቦ፣ አሁንም ዳቦ። ሰው በዓይኑ አንሥቶ በአፉ የተወው። ዘጠኝ ምግብ ቤት ዞሮ ዞሮ አንዱም ያላጠገበው ሰው የጣለው። ጓንቴ «ሀብታሞች ናቸው» አለ። «ሀብታም አይደሉም፤ አልጣማቸውም» አልኩት። ሌሊቱ አልነጋ አለኝ፤ የሰማያዊውን ካላየሁ አልቀመጥም አልኩ። እንደ ቀልድ አትዩት። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳኝነት የተሰጠኝ አሁን ነው።

ሐሙስ የሰማያዊው በርሜሎች ወረዱ። ክዳናቸው ገጥሟል። ጓንቴ አንዱን ከፈተልኝ። የድንች ልጣጭ፤ የሽንኩርት ቆዳ፤ የእንቁላል ቅርፊት። ከሥር አጥንት። አጥንቱ ነጭ ነው። አንዱን የዓሣ አከርካሪ በሁለት ጣቴ አነሣሁት፤ እንደ ማበጠሪያ ጥርት ብሏል፤ የቀረበት ሥጋ ለድመት አይበቃም። ዳቦ ፈለግሁ። ከበርሜሉ ሥር ድረስ በእንጨት ገልጬ ፈለግሁ፤ የለም። ዳቦ ያልተጣለው ስጎውን ጠርገው ስለበሉበት ነው። ይህን ከእኔ ዓይነት ሰው በቀር የሚያነበው የለም።

«ጓንቴ» አልኩት፣ «ይህን ያበሰለውን ሰው ባገኘው እጁን እስመው ነበር።»

ቃሉ አፌ ላይ እንዳለ ሰውዬው በመርከቡ መወጣጫ ወረደ።

ቀድሞ ያየሁት ሽርጡን ነው። ነጭ፤ እጥፋቱ እንደ ወረቀት የቆመ። ከዚያ አረማመዱን። ከዚያ ፊቱን፤ ወፍሯል፤ ጉንጩ ወርዷል፤ ግን እሱ ነው። ቄንጦ።

ነገሩን እዚህ ላይ ልናገር፤ አለዚያ በከንቱ የምናደድ ይመስላል። ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሆቴላችን ውስጥ የአራት መቶ ሰው ግብዣ ነበር። የዓሣውን ስጎ የሠራሁት እኔ ነኝ። ከዓሣው ጭንቅላት የወጣ መረቅ፣ ሎሚ፣ ቅቤ፣ መጨረሻ ላይ እሳቱን አጥፍተህ የምትጨምረው አንድ ነገር አለ፤ እሱን ለማንም አልናገርም። ሦስት ቀን ስሞክረው ነበር። እንግዶቹ በሉ፤ ከትልልቆቹ አንዱ «ይህን የሠራው ማን ነው? አምጡልኝ» አለ። ሥራ አስኪያጁ የማዕድ ቤቱን በር ከፍቶ እኛን አንድ በአንድ አየን። የኔ ሽርጥ የሠራ ሰው ሽርጥ ነው፤ ቀይም ቡኒም ቢጫም አለበት። ቄንጦ ያን ቀን ሰላጣ ላይ ነበር፤ ሽርጡ ያው እንደዛሬው። «አንተ፣ ና» አለው። ሄደ። ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ጭብጨባው በበሩ ቀዳዳ ገባ። ተመልሶ ሲመጣ አልተናገረም። በወሩ ምክትል ሼፍ ሆነ፤ የስድስት ወር ሰርተፍኬት ነበረው። ዓሣው በስሙ ሜኑ ላይ ወጣ። እኔ ምድጃዬ ላይ ቀረሁ።

«ድስቱ!» ብሎ ጮኸ ቄንጦ ከመወጣጫው ሥር። ሆቴሉ ውስጥ ድስቱ ነበር የሚሉኝ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ድስት ስላጠብኩ። ከዚያ ሃያ ስምንት ዓመት ስጎ ላይ ቆምኩ፤ ስሙ ግን አብሮኝ ከፍ አላለም። «ጋሽ ድስቱ! አለህ እንዴ? ኧረ ተመስገን!»

አቀፈኝ። ሽቶ ይሸታል። ከኋላው የመጡትን ሁለት አብሳዮች ጠራቸው።

«ይህን ሰውዬ ታውቁታላችሁ? አታውቁትም። እንደሱ ድስት የሚያጥብ ሰው አልተፈጠረም! እሱ ያጠበው ድስት ውስጥ ፊትህን አይተህ ጺምህን ትላጫለህ።»

«እኔ ስጎ ላይ ነበርኩ» አልኩት።

«ስጎ?» ግንባሩን አኮማተረ። ከልቡ ነው፤ እየቀለደ አይደለም። «ስጎም ላይ ቆመህ ነበር እንዴ? ረስቼው ይሆናል፤ ብዙ ሰው ነበርን እኮ። ያን ዓሣዬን ግን ታስታውሰዋለህ አይደል? እስከ ዛሬ እሠራዋለሁ። ማክሰኞና ዓርብ። ሰው አብዷል እልሃለሁ።»

«አስታውሰዋለሁ» አልኩ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የማስበው እያወቀ እንደሚደብቀኝ ነበር። ማታ ሲተኛ አንዳንዴ እንደሚቆረቁረው። ያንን መቻል ችዬ ኖሬአለሁ። ሰውዬው ግን አልደበቀም። ረስቶታል። የኔ ስጎ እሱ ጭንቅላት ውስጥ የሱ ሆኖ አርጅቷል፤ እኔ ደግሞ በዚያው ጭንቅላት ውስጥ ጎንበስ ብዬ ድስት አጥባለሁ።

ከወደቡ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። ጓንቴ ከኋላዬ ሲጣራ እሰማለሁ፤ አልዞርኩም። የሚያብረቀርቀውን ሰደርያ እንደለበስኩ ነበር፤ መንገድ ላይ አንድ ሾፌር ትራፊክ መስዬው ቆመልኝ።

ቤት ስደርስ ልጄ መጥታ ነበር። ሁለቱም ሶፋው ላይ ናቸው። ልጄ ስልኳን ይዛለች፤ «እሺ ዳኛው?» አለችኝ።

«ነጩ» አልኩ።

ባለቤቴ ቀና አለች።

«ሰማያዊው ምግቡ የሚሆን አይደለም። ዓሣው ሁለቴ የቀዘቀዘ ነው። ማዕድ ቤታቸው ሰነፍ ነው። ነጩ ይሻላል፤ ዘጠኝ ቦታ ነው፤ አንዱ ባይጥም ሌላው ይጥማል።»

«አጥንቱን አየኸው?» አለች ባለቤቴ። የአጥንትን ነገር እኔው ነኝ ያስተማርኳት።

«አየሁት።»

«እንዴት ነበር?»

«ሥጋው ላዩ ላይ ነው። አልበሉትም።»

ኦፕሬተር እያለች መስመር ላይ የሆነ ነገር ሲንኮሻኮሽ ጭንቅላቷን ወደ ግራ ዘንበል ታደርግ ነበር ይሉኛል አብረዋት የሠሩት። ጭንቅላቷን ወደ ግራ ዘንበል አደረገች። ከዚያ «አንተ ካልክ» አለች፣ ብሮሹሩን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ልጄ እዚያው ሆና ወደ ቢሮው ደወለች። ነጩ ተያዘ፤ ሰማያዊው ተለቀቀ። በሁለት ደቂቃ አለቀ።

ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። የቄንጦን አዳራሽ ሁለት ወንበር ባዶ አስቀርቼ! እሱ አያውቀውም፤ ባዶ ወንበሩም ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። ግን እንዲህ ያለ ድል የለመደ ሰው ይህንንም ይቆጥራል።

ዓርብ ጠዋት መቀመጥ አቃተኝ። የማይፈሰውን ቧንቧ ፈትቼ ገጠምኩ። የበረንዳውን በር ማጠፊያ ዘይት ቀባሁ፤ ከዚያ የቀባሁትን ጠረግሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ደግሞ ውሸት ይዤ ቧንቧ ጥገና ገባሁ። ባለቤቴ ሻንጣ አውጥታ በጨርቅ ትወለውላለች። ቀስ ብላ፣ ደስ ሳይላት።

«ዘጠኝ ምግብ ቤት ካለ» አለችኝ ቀና ሳትል፣ «አንተ ዘጠኙን ስታይ ትዞራለህ። እኔን የት አስቀምጠኸኝ?»

«አብረን እንዞራለን።»

«እግሬ ያመኛል።»

ሌላ ነገር ሳትል በሩ ተንኳኳ። ጓንቴ ነው፤ ሰደርያውን ሊወስድ። እኔ ቧንቧው ሥር ተኝቻለሁ፤ እሷ ከፈተችለት። ሰውዬው ወሬ አያልቅበትም።

«እንኳን ደስ ያላችሁ እትዬ! ሰማያዊውን ያዛችሁ አይደል?»

«ነጩን ነው የያዝነው።»

«ነጩን? ኧረ አይሆንም! ነጩንማ እኮ ሰውዬሽ አፍንጫውን ይዞ ነው ያየው። የሰማያዊውን አጥንት አንሥቶ ‹ይህን ያበሰለውን ሰው እጁን እስመው ነበር› ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ አንድ ወፍራም ሼፍ መጥቶ አቀፈው፤ አጫወተው፤ እሱ ግን ሰደርያዬን እንደለበሰ እብስ። ምን ነካው?»

ከቧንቧው ሥር አልወጣሁም። ጓንቴ ሲሰናበት ሰማሁ፤ በሩ ሲዘጋ ሰማሁ፤ የእግሯን ኮቴ ሰማሁ። እግሬ አጠገብ ቆመች።

«ማን ነበር?» አለችኝ።

ቧንቧውን ማጥበቅ ቀጠልኩ።

«ቄንጦ ነው አይደል?»

«ድስት አጣቢ አለኝ!» ስነሣ ራሴን ቧንቧው ገጨኝ። «ስጎ ላይ መቆሜን እንኳ አያስታውስም! ‹ዓሣዬ› ይላል፤ ዓሣዬ! እኔ እሱ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ፣ ያን ዓሣ በሱ ስም ታዝዞ፣ በአስተናጋጅ ቀርቦልኝ...»

«ስጎው ያንተ ነው» አለች። «ማን ነው የሚክደው? ሦስቱንም ቀን በጠርሙስ ይዘህ መጥተህ ያቀመስከው ማንን ነው? ሦስተኛውን ቀን አጨብጭቤልሃለሁ። ማንኪያውን ይዤ። ያንተ ቆጠራ ውስጥ ግን አልገባም፤ የኔ ጭብጨባ ጭብጨባ አይደለም።»

ያን ማንኪያ ረስቼው ነበር። እውነቴን ነው።

«እዚህ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሦስት ሰው ነው የሚኖረው» አለች። አልጮኸችም፤ የቁጥር ማውጫ እንደሚያነብ ሰው ነው የተናገረችው። «አንተ፣ እኔና ቄንጦ። ከኔ ጋር እራት በልተህ አታውቅም፤ ከሱ ጋር ግን በየቀኑ ትበላለህ። እኔ ሰማያዊው ላይ ነው የምሄደው። አንተ ብትመጣ ደስ ይለኛል። ካልመጣህ እህቴን ይዤ እሄዳለሁ፤ እሷ መቀመጥ ትችላለች። ለልጅቷ እኔ አልነግራትም፤ ያበላሸኸው አንተ ነህ፣ አንተው አስተካክለው።»

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮው በር ላይ ነበርኩ። የሚከፈተው አራት ሰዓት ነው። ለልጄ ስልክ ደውዬ «ተሳስቻለሁ፤ ሰማያዊው ነው» አልኳት። «አባዬ፣ አንተ ምግብ ላይ ተሳስተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ምግቡ ላይ አልተሳሳትኩም» ብዬ ዘጋሁት።

የቢሮው ሠራተኛ ትሑት ልጅ ናት። ስክሪኗን ረጅም ጊዜ አየች።

«አባባ፣ ሰማያዊው ሐሙስ ስለተለቀቀ ሞልቷል ማለት ይቻላል። ቆይ... ክፍል አለ። አዳራሹ ውስጥ ግን የቀረው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ስምንት ሰው የሚቀመጥበት ትልቅ ጠረጴዛ፣ መስኮት ሥር፤ በጣም ቆንጆ ነው፣ እሱን ነው የምመክርዎት። ሌላው ለሁለት ሰው ነው፤ ግን ማዕድ ቤቱ በር አጠገብ ስለሆነ ሰው አይፈልገውም። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ይጮኻሉ።»

«እስከ ስንት ሰዓት ነው ጊዜዬ?»

«እስከ ስድስት።»

«መጣሁ» ብዬ ወጣሁ። ሕንፃውን ዞርኩት። አንዴ፣ ሁለቴ። የጫማ ጠጋኙ፣ የመነጽር መሸጫው፣ የተዘጋው ባንክ፤ የጫማ ጠጋኙ፣ የመነጽር መሸጫው። የስምንቱ ጠረጴዛ መልካም ነው ብዬ አሰብኩ። ስምንት ሰው ውስጥ አንዱ ቢነሣ አይታወቅም። ሰዎቹ ያጫውቷታል፤ መስኮት ታያለች፤ እኔ «ንፋስ ልቀበል» ብዬ እወጣለሁ። ቃሌንም ጠበቅሁ፣ እራሴንም አዳንኩ። የሁለቱ ጠረጴዛ ላይ ግን መሸሻ የለም። ጀርባዬ ለቄንጦ በር፣ ፊቴ ለሷ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ድምፁን እሰማለሁ፤ «ዓሣዬ የታል?» ሲል እሰማለሁ።

ሦስተኛም ነበረ። የእህቷን ስም አጽፌ መሄድ። እህቷ ሳቂታ ናት። ተቀምጠው ይሳሳቃሉ። እኔ ቤት እቀራለሁ፤ ጭልፋ ይዤ፣ ምድጃው ጋ ቆሜ፣ ከቄንጦ ጋር። ሰባት ቀን። እዚህ ሐሳብ ላይ ስደርስ እግሬ ቆመ። የመነጽር መሸጫው በር ላይ ቆምኩ። መስተዋት ነው፤ ራሴን አየሁት። ሰውዬው የሆነ ቦታ ሊሄድ የቸኮለ ይመስላል። የትም አይሄድም።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ተመለስኩ። ወንበሬ ላይ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል፤ ወጣቶች ናቸው። ልጅቷ ስክሪኑን ወደነሱ አዙራላቸዋለች።

«ለሁለት ሰው የሚሆነው» እያለች ነው፣ «ማዕድ ቤቱ በር አጠገብ ነው...»

«እሱ የኔ ነው!» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ።

«አባባ፣ የስምንቱ...»

«የሁለቱን ነው ያልኩሽ። ስም ጻፊ፤ የሚስቴን ጻፊ። የኔንም ጻፊ።»

ወጣቱ ባል «ኧረ ይውሰዱት፣ እዚያ ማን ይቀመጣል» ብሎ ሚስቱን ጎሸማት። ልጅቷ ጻፈች። ቅጹ ረጅም ነው። «የማይስማማዎት ምግብ አለ?» አለችኝ።

«የማይስማማኝ ምግቡ አይደለም» አልኳት።

«የለም» ብላ ጻፈች።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ምሳ እያወጣች ነበር። የድንች ሾርባና ዳቦ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፤ ሁለቱን ስም በጣቷ ነካ ነካ አደረገች።

«ማዕድ ቤቱ በር አጠገብ ነው» አልኳት። «መስኮት የለውም። ሳህን ሲሰበር፣ ሰው ሲሰደብ እንሰማለን።»

«የሱንስ ድምፅ?»

«የሱንም።»

«እሺ» አለች። ከቁም ሣጥኑ ሁለተኛ ሳህን አውጥታ ፊት ለፊቷ አስቀመጠች። «ተቀመጥ።»

«አሁን?»

«ለጉዞው አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረን። ሰው ፊት ልታሳፍረኝ ነው? ተለማመድ።»

ተቀመጥኩ። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው። ሁለት ጊዜ ጎርሼ ጨው ላመጣ ተነሣሁ፤ «ጨው እዚህ አለ» አለች። ተቀመጥኩ። ምድጃውን ላጠፋ ተነሣሁ፤ «አጥፍቼዋለሁ» አለች። ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ማንኪያዎቹ ተንቀጨቀጩ። ጫማዋን ጫማዬ ላይ አሳርፋ ረገጠችኝ፤ ደህና አድርጋ።

«ስጎው ግን የኔ ነው» አልኩ። «እዚያም ሄጄ እለዋለሁ።»

«በለው። ብላ አሁን።»

በላሁ። እኔ በሦስት ደቂቃ ጨረስኩ። እሷ አትጨርስም። ዳቦዋን በትንንሹ ትቆርሳለች፤ በግራ በኩል ነው የምታኝከው፤ መረቁን ቀድማ ጠጥታ ድንቹን ለመጨረሻ ትተዋለች። በየመሃሉ ማንኪያዋን ታስቀምጥና ምንም ሳታደርግ ትቀመጣለች። አርባ ዓመት አብሬአት ኖሬ እንዲህ ቀስ ብላ እንደምትበላ አላውቅም ነበር። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ፍርፋሪ ለቀምኩ። ጣሪያውን አየሁ። ሳህኗ ውስጥ ሦስት ቁራጭ ድንች ቀርቷል።

«ጨረስሽ?» አልኳት።

«ገና ነኝ» አለች።